ሳይሠሩ መብላት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

የተማሪዎቹ ዩኒፎርም ዛሬም አላለቀም። እጅጌ ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ ነበር፣ ለካ ኮሌታውም ገና ነው። ማሽኑ ክር እየበጠሰ ሲያናድደኝ ዋለ። ዘይት ቢሰጡት አይጠግብ፣ ቢቆጡት አይሰማ…

እማዬ ከማሽኑ አጠገብ ወንበሯ ላይ ዋለች። ምሳ ሳቀርብላት ሳህኑን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

"እትዬ፣ ዛሬ ምንም አልሠራሁም እኮ።"

እትዬ! ከሆዷ የወጣሁትን ልጇን። አንቱ ማለት ከጀመረችኝ ሰነባብታለች፣ እኔ ግን አልለመድኩትም። "እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ። ቤትሽ ነው። ብዪ" ስላት በትሕትና ፈገግ አለች፤ ሰው ቀልዱ ሳይገባው ለይሉኝታ እንደሚስቀው። ምግቡን ግን አልነካችም። ጥቂት ቆይታ ተነሳች፣ ማድ ቤት ገባች፣ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና አንድ በአንድ አጠበች። ከዚያ መጥታ ተቀመጠችና የቀዘቀዘውን ምሳ ጥርግ አድርጋ በላች።

አሁን ሳስበው ገባኝ መሰለኝ። እማዬ ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ ያደገችው አክስቷ ቤት ነው። ድሮ ስታጫውተን "እዚያ ቤት ግቢው ሳይጠረግ፣ ውሃው ሳይቀዳ እህል ወደ አፍ አይገባም" ትለን ነበር። እየሳቀች ነበር የምትነግረን። አሁን ከዚያ በኋላ የኖረችው ዕድሜ ሁሉ ተረስቶ ተመልሳ እዚያ ቤት ገብታለች። እኔ ደግሞ አክስቷን ሆኜ ቁጭ…

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ የራሴን ጸለይኩ። ከዚያ የእማዬን። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ዘዴ አገኘሁ። የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበትን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና "እስኪ እነዚህን በየቀለማቸው ለዪልኝ" አልኳት። ፊቷ በራ። ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ… ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራት ቀዳዳው ሳይቀር ለየችው። ያን እንኳ አልጠየቅኋትም። ሲያልቅ እጇን ታጠበች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ "ጨርሻለሁ እትዬ" ብላ ወደ ምግቡ ቀረበች። የተረፈ ነገር የለም።

እንቅልፍ ሲወስዳት ቁልፎቹን መልሼ ደባለቅኋቸው። ለነገ። ስፌቱ አልሆን ካለኝ ሥራ ፈጣሪ እሆናለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ቤተ ክርስቲያን አዲስ አማኞቹን አስተማርኩ። የዛሬው ስለ ጸጋ ነበር። "መዳን ስጦታ ነው። ስጦታ ይቀበሉታል እንጂ አይሠሩለትም" አልኳቸው። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት፣ ለራሴም ደስ አለኝ። ዳቦ ሻጯ ከኋላ እጇን አወጣች።

"እህቴ፣ ታዲያ አንቺ ምነው ሁልጊዜ ደክሞሽ የምትመጪው?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህ ልጻፈው። እማዬ ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ፣ ሁላችንንም በየስማችን እየጠራች ሳትጸልይ የነጋበትን ቀን አላስታውስም። ከቃሉ አንድ ምዕራፍ ሳታነብ ቁርስ አትቀምስም ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ትጾም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አብረን እንጸልይ ብዬ እጇን ስይዛት "ጌታ የሚሉት ማነው? እዚህ ቤት ነው የሚኖረው?" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷን ጸሎት በእሷ ቦታ ሆኜ እጸልያለሁ። ምዕራፏን አነብላታለሁ። ረቡዕ የእሷን ጾም፣ ዓርብ የራሴን እጾማለሁ። ቦታዋ ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ ብዬ…

ቢገኝስ? እንጃ። ይህን ጥያቄ አልወደድኩትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

እማዬን ጠዋት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ቁልፎቹን ስትጠብቅ አገኘኋት። ሥራ እንደረፈደባት ሰው ኮስተር ብላለች። አመጣሁላት፣ ለየች፣ በላች።

እኔ ጾም ነኝ፣ የእሷን ጾም። ስትበላ እያየሁ ሆዴ ጮኸ። ሰማችው መሰለኝ፣ "እትዬ፣ እርስዎም ትንሽ ይቅመሱ እንጂ" አለችኝ። አልቀመስኩም። በእሷ ፈንታ እየጾምኩ እሷው ራሷ ቅመሱ ትለኛለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ጸጉሯን አጠብኩላት። እንደ ጥጥ ነጭ ሆኗል፣ ሳስቷልም። በልጅነቴ ስታበጥረኝ እንዴት እጮህባት እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ዛሬ እሷ አልጮኸችም፣ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ሆዴ ላይ ጣል አደረገች። "እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ" አለች። ቀጥላ ደግሞ "ነገ ቁልፎቹን በጠዋት እጀምራለሁ፣ አይቀየሙኝ" አለችኝ።

ለመታጠቧም በሥራ ልትከፍል ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ወንድሜ ብርቱካን ተሸክሞ መጣ። አውቶቡስ ሲነዳ ስለሚውል ቤት ሲገባም ተሳፋሪ እንደሚጠራ ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። እማዬ "ጋሼ" አለችው። እሱ እንደኔ አይከፋውም፤ "አቤት የኔ እመቤት" ብሎ ግንባሯን ስሞ ብርቱካን ይልጥላታል። ዛሬ ቁልፍ ለይታ ስለነበር ተቀብላ በላችለት።

ዓይኔ ለምን እንደቀላ ጠየቀኝ። መዋሸት አልችልበትም፣ ነገርኩት።

"ቆይ… አንቺ ነሽ የምትጸልዪላት?"

"ለእሷ ብቻ አይደለም። በእሷ ፈንታ።"

"ቀሪ እንዳትባል ትፈርሚላታለሽ በይኛ።"

"አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም። እኛም ጋ አንዱ ሲቀር ሌላው ይፈርምለታል። አለቃው ያውቃል እኮ፣ ዝም ብሎን ነው።"

ተናደድኩበት። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚረግጠው ሰርግ ሲኖር ብቻ ነው፣ እሱ እኔን ሊያስተምረኝ! የነገሩን ክብደት አያውቅም… ብርቱካኑን ግን በላሁለት። ጣፋጭ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

እማዬን አተኮሳት። ሳልም አለባት። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፎቹ ከጣቶቿ እያመለጡ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጎንበስ ብላ ልትለቅም ስትል ልትወድቅ ነበር፣ ደርሼ ያዝኳት። አለቀሰች።

"ዛሬስ አልቻልኩም እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ምሳ አልበላችም። ራትም አልበላችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ጎረቤታችን ነርሷ ገብታ አየቻት። ሳሉ ደረቷ አልገባም፣ መድኃኒቱ ይበቃታል፣ ችግሩ አለመብላቷ ነው አለች። "እህል ካልገባላት መድኃኒት ብቻውን ምን ያደርጋል? እስከ ሰኞ እንዲህ ከሆነች ሆስፒታል እናስተኛታለን። በአፍንጫዋ ቱቦ ማስገባት ሊኖርብን ነው።" ቱቦ… እማዬ ሻሿ እንኳ ሲነካባት የምትደነግጥ ሰው ናት። ነቅላ ትጥለዋለች። ከዚያ እጇን ሊያስሩባት ነው።

ነርሷ ስትወጣ ሾርባ አቀረብኩላት።

"አልሠራሁም።"

"ትናንት ሠርተሻል እኮ እማዬ። ብዙ ነው የሠራሽው።"

"የትናንቱን ትናንት በላሁት።"

ያን ሁሉ ነገር ረስታ ይህን መልስ ከየት አመጣችው?

ጥፋቱ የኔ ነው። ቁልፍ እየለየች እንድትበላ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ይህ ቤት እንደ አክስቷ ቤት አይደለም ልላት ሲገባኝ የአክስቷን ቤት ደንብ አጸናሁባት። ለጊዜው በላችልኝ፣ ደስ አለኝ። አሁን እጇ ሲደክም የምትበላበት መንገድ አጣች።

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ቁልፎቹን ራሴ ለይቼ በየተራ ደረደርኳቸውና አሳየኋት።

"እማዬ፣ የአንቺን ድርሻ እኔ ሠርቼልሻለሁ። ይኸው።"

ቁልፎቹን አየች። እኔን አየች። ስታስብ ቆየች፣ ተስፋ አደረግሁ።

"እንግዲያው የኔንም እርስዎ ይብሉት" አለች።

ምን ይባላል? ማድ ቤት ገብቼ ቆሜ አለቀስኩ። ውሃ በማንኪያ ስሰጣት ግን ትቀበላለች። ውሃ ሥራ አይጠየቅበትም መሰለኝ።

የምፈራውን ልጻፈው። እማዬ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ። ከዚያ ይበልጥ ደግሞ ጌታን እንደረሳች እንዳትሞት እፈራለሁ። በጌታ ፊት ማን ነሽ ብትባል ስሟን እንኳ አታውቅም። እኔ ነኝ የምመልስላት? የኔ ጾምና የኔ ጉልበት የት ድረስ ነው የሚያደርሳት? ስለ ጌታ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እሷ ከጠፋች እኔ ምኑን ይዤ እቀራለሁ…

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

አልበላችም። ቀለበቷ ከጣቷ ወለቀ። አሥሬ እየወለቀ ስላስቸገረ እኔ አጠለቅሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 23

ትምህርቱን ቀረሁ። ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ቤት መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው የሚሉትን እስኪያስቡ ብስኩቱ ይሟሟል። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ቁልፉን፣ ጾሙን፣ ምዕራፉን፣ ሁለት ጊዜ መንበርከኩን። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ትንሽም ቢሆን ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም።

"ልጄ፣ በእናቴ ቦታ ቆሜያለሁ ነው የምትዪኝ?"

"አዎ። ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።"

"ባዶ አይደለም እኮ። እዚያ ቦታ የቆመላት አለ። ስትጸልይም የቆመላት ጌታ ነበር፣ ዛሬም እሱ ነው።"

ብስኩታቸው ሻዩ ውስጥ ወደቀ። በማንኪያ እየፈለጉት "ቦታው ተይዟል" አሉኝ። "ያንቺም ቢሆን ተይዟል።"

"እሷ ግን ረሳችው።"

"እሱስ ረሳት?"

ለሌላ ሰው ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር ለኔ ሲነግሩኝ እንደ አዲስ ሆነብኝ። ሲወጡ የእማዬን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ዝም ብለው ቆሙ። ጸለዩ እንዳልል ድምፅ አላወጡም። እሷም እጇን ሰጠቻቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

እንዲያም ሆኖ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ፣ የእማዬን ሰዓት ልጸልይላት። ልማድ ነው… ወይ ደግሞ አላመንኩም። ስነሳ ቤቱ ዞረብኝና ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ትኩሳት ነው። ሳሏ ወደኔ ተጋባ።

ነርሷ መጥታ እማዬን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ለነገ ከሰዓት በኋላ አልጋ አስይዛላታለች። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ማሽኑ ላይ ያለው እጅጌ ግማሹ ተሰፍቶ ቀርቷል፣ ይቅር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ሳልረሳው ልጻፈው።

ማክሰኞ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። ወንድሜ ሥራ ቀርቶ መጣና እማዬ አልጋ ላይ ከጎኗ አስተኛኝ፤ ሁለታችሁንም ባንድ ዙር ልጠብቃችሁ አለ። እኔ ከእማዬ አጠገብ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ እንኳ አላውቅም። ቆሜ ነው የማበላት፣ አንድ እጄ ማንኪያ ላይ፣ ሌላው ካውያው ላይ። ትናንት እጆቼ ባዷቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድመዋል።

ወንድሜ ሾርባ ሠራ። ጨው ይሁን ሾርባ ለማወቅ ይቸግራል። ሳህኑን በመካከላችን አስቀመጠና "እንግዲህ እንደ ፍጥርጥራችሁ" ብሎ ስልክ ሊያነሳ ወጣ። እኔ ማንኪያውን ለማንሳት አቅም አልነበረኝም። እማዬ ወደኔ ዞራ አየችኝ።

"አሞሻል?"

"አሞኛል።"

"በልተሻል?"

"አልበላሁም።"

"ለምን?"

ለምን ብዬ ልንገራት? ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ "ዛሬ ምንም አልሠራሁም" አልኳት። እውነቴን ነበር። አልጸለይኩም፣ አላነበብኩም፣ አልሰፋሁም፣ እሷንም አላጠብኩም።

እማዬ ተቆጣች። ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቁጣዋን ሰማሁት፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ስወጣ የምትቆጣኝን።

"የምን ሥራ? አሞሽ ተኝተሽ የለም እንዴ? ለታመመ ልጅ ሥራ ይቆጠርበታል?"

በሚንቀጠቀጠው እጇ ማንኪያውን አነሳች። ግማሹ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ አፌ ገባ። ዋጥኩት። ደገመችኝ። ሌላ ስታመጣልኝ እንባዬ እየወረደ ስለነበር አፌን መክፈት አልቻልኩም። ማንኪያውን እንደያዘች ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው።

አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለራሷ፣ እንዲያ እያደረገች ሳህኑ አለቀ። "ጨው በዝቶበታል" አለች አፏን እየጠረገች።

ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር። ያ ሁሉ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ቀስ ብሎ ወጥቶ አልጋው እንዲቀር ለነርሷ ነገራት።

እማዬን ለማብላት ያልሞከርኩት ነገር አልነበረም። ሥራ ሰጠኋት። ዋሸኋት። ድርሻዋን ሠራሁላት። የበላችው ምንም ማድረግ አቅቶኝ አጠገቧ በወደቅሁ ዕለት ነው። ይህን ለአዲስ አማኞቹ እንዴት እንደማስረዳቸው አላውቅም። ለራሴም ገና አላስረዳሁትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ትኩሳቱ ተወኝ። የእማዬም ሳል ቀንሷል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ አልጾምኩም። ቁርስ ከእሷ ጋር በላሁ።

ጎህ ሳይቀድ በልማዴ ነቅቼ ነበር። ልነሳ ስል የእማዬ እጅ ክንዴ ላይ ነው፣ እሷ ተኝታለች። ልቀሰቅሳት ሳሳሁ። እዚያው እንደተኛሁ "ጌታ ሆይ፣ ሁለታችንም እዚህ ነን" አልኩት። የሚቀጥለውን ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም። መጋቢው ቦታው ተይዟል ያሉኝ ትዝ አለኝና ደስ አለኝ። ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ደስ አለኝ፤ ምን ያህል ደክሞኝ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይዞኝ ጠፋ።

ስነቃ ፀሐይ ወጥታ ረፋድ ሆኗል። ማንም አልተቆጣኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 30

ዛሬ አስተማርኩ። አጭር ነበር። ዳቦ ሻጯ "ዛሬስ ፊትሽ ተመልሷል" ብላ አንድ ዳቦ በከረጢት አስያዘችኝ። ዳቦውን ተቀብዬ አመስግኜ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በምላሹ ምን ልስፋላት እያልኩ ነበር የምሄደው።

ቤት ስደርስ ወንድሜ እማዬን ሊጠብቅ ተቀምጦ እሱ ራሱ አንቀላፍቷል። ማሽኑን ሸፈንኩት። ሾርባውን ቀድቼ፣ ዳቦውን ቆርሼ፣ እኔም ወንበር ስቤ ከእማዬ ጋር ተቀመጥኩ። ጥቂት ከበላች በኋላ ማንኪያዋን አስቀምጣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች።

"የማን ቤት ነው ይሄ?"

"የልጅሽ።"

"ልጅ አለኝ?"

"አለሽ።"

"ጥሩ ናት?"

"ምንም አትል። ትነጫነጫለች እንጂ።"

ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ ሳቀ። ለካ ነቅቷል።

"እኔን ታስቀምጠኛለች?"

"ታስቀምጥሻለች እንጂ፣ እማዬ። ሁልጊዜም።"

"ምን ሠርቼላት?"

ይህን ጥያቄ እፈራው ነበር። ወልደሽ አሳደግሻት ልላት አሰብኩ። ይህም ሥራ ነው፣ ነገ ትረሳዋለች። ስትሠሪ ዋልሽ ልላትም ዳዳኝ፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት።

"ምንም" አልኳት።

"ምንም?"

"ምንም። እንዲሁ ነው።"

ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ወደኔ ገፋችው። እንደገና ልትተወው መሰለኝ… ፊቷን ሳይ ግን ድዷ እስኪታይ ስቃለች።

"እንዲያማ ከሆነ ጨምሪልኛ" አለችኝ።